ግእዝ ሳይገባን እንዴት እናስቀድሳለን?

እስቲ ሳታፍሩ መልሱልኝ። ባለፈው እሑድ ቅዳሴ ላይ በግእዝ ከተዜመው ውስጥ ስንቱን ቃል ተረዳችሁት? ግማሹን? ሲሶውን? እውነት እንነጋገር ከተባለ አብዛኞቻችን ቅኔ ቤት ገብተን አልወጣንም። ሆኖም አንዳችንም እዚያ ቆመን ግራ አልገባንም። ወንጌል ሲነበብ ቀጥ ብለን ቆምን፤ መስገድ ሲገባን ሰገድን፤ እግዚኦታው ሲጀመር አብረን አልን፤ ሥጋ ወደሙ ሲወጣ ማንም ሳያዘን ግንባራችን መሬት ነካ።

እንዴት አወቅነው?

ይህች ጥያቄ ሰሞኑን እንቅልፍ ነሥታኛለች፤ በደስታ ነው ታዲያ! መልሱን ስፈልግ ሌላ፣ በጣም ከባድ ይመስለኝ የነበረ ጥያቄ አብሮ ተፈታልኝ። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ከእኛ ጋር እንዴት ያስቀድሱ? እንዴት ያምልኩ? ሁላችሁም እንዲገባችሁ ስለምፈልግ ከሥሩ ልጀምር። ቄስም ሐኪምም አይደለሁም፤ እንደ እናንተው ነኝ።

መጀመሪያ የራሳችንን እንይ። እሑድ ዕለት ሆን ብዬ ራሴን ስሰልል አረፈድኩ። ዲያቆኑ ለጸሎት እንድንነሣ ሲያውጅ ቃሉን ሳይጨርስ እኔ ተነሥቻለሁ። ቃጭሉ ሲያቃጭል አንገቴ በራሱ ጊዜ ዝቅ ይላል። እጣኑ ሲሸተኝ፣ ዜማው ሲለወጥ፣ ካህናቱ ቦታ ሲቀይሩ፣ የት እንደደረስን አውቃለሁ። ሲጠፋብኝስ? ከፊቴ የቆሙትን እማማ አያለሁ! እሳቸው ጎንበስ ካሉ እኔም ጎንበስ ነው። ልጅ ሆኜ የእናቴን ነጠላ ጫፍ ይዤ የተማርኩትም እንዲሁ ነው፤ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስረዳኝም።

ያን ጊዜ ቦግ አለልኝ። ለካ ቃላቱን በመረዳት አይደለም የምናመልከው! በዓይን፣ በአፍንጫ፣ በጉልበት፣ በልማድና ከፊታችን ባለው ሰው ጀርባ ነው። ቃሉ የሚገባው ሰው ብዙ ያተርፋል፣ ይህን አልክድም፤ ቃሉ ያልገባው ግን ከደጅ አልቀረም። ይኸው እኛ ራሳችን ምስክር ነን። እንግዲህ ቃል የሚከብደውን ሰው ማስገባት ከፈለግን አዲስ በር መስበር አያስፈልገንም። እኛ የገባንበትን በር ለእሱም ወለል ማድረግ ብቻ ነው። አይገርምም?

አሁን ስለ ማን እንደማወራ ልንገራችሁ። የአእምሮ እድገት ውስንነት ማለት ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ አዲስ ነገር ለመማር፣ ለማመዛዘንና የዕለት ኑሮውን ለመምራት ከእኩዮቹ የበለጠ ጊዜና እገዛ ሲያስፈልገው ነው። ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ሰዎች እዚህ ውስጥ ናቸው፤ ኦቲዝም ካለባቸውም ከፊሎቹ። በኋላ እንደሚመጣ የአእምሮ ሕመም አይደለም፤ በመድኃኒትም የሚለቅ ነገር አይደለም። በዓለም ደረጃ ሲገመት ከ100 ሰው 1 ገደማ ነው። ቆይ ይህን ቁጥር ዝም ብላችሁ አትለፉት! አንድ ሺህ ሰው በሚያስቀድስበት ደብር 10 ያህል ሊኖሩ ይገባል ማለት ነው። ስንቱን ታውቃላችሁ? እኔ ስቆጥር ጣቶቼ አልሞላ አሉኝ። ቀሪዎቹ ቤት ናቸው። እናቶቻቸውም አብረዋቸው ቤት ናቸው፤ አንድ ቀን ይዘው መጥተው፣ ልጁ ጮኾ፣ ዙሪያው ሁሉ ዞሮ አፍጥጦባቸው፣ ከዚያ ወዲያ የቀሩ።

ለምን ይጮኻል? እዚህ ጋ ነገሩ በጣም ይጣፍጣል።

ስልክ ቁጥር ሲነገራችሁ ወረቀት እስክታገኙ ድረስ በአፋችሁ እየደጋገማችሁ ትይዙት የለም? ያንን የምትይዙበት ጓዳ አእምሯችን ውስጥ አለ፤ ለሰከንዶች ብቻ ቃል የሚያቆይ። ተመራማሪዎች ዳውን ሲንድረም ባለባቸው ሰዎች ላይ ደጋግመው ያዩት ነገር ይኸው ነው፦ በጆሮ የሰሙትን ለአፍታ ይዞ ማቆየት ይከብዳቸዋል፤ በዓይን ያዩትን መያዝ ግን ከዚያ ይልቅ ይቀልላቸዋል። ሰባኪው ረጅም ዓረፍተ ነገር ጀምሮ መጨረሻው ላይ ሲደርስ መጀመሪያው ከአድማጩ እጅ አምልጧል። ቃል እንደተነገረ ይጠፋል። ሥዕል ግን የትም አይሄድም፤ ዞር ብለህ ብትመለስ እዚያው ነው!

ወይ ጉድ፣ አባቶቻችን ይህን ሳያውቁት ቀርተው ነው? ማንበብ የማይችል ሕዝብ ይዘው ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች በሥዕል የሞሉት? ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ የገባችሁ ታውቁታላችሁ፤ ጣሪያው በመላእክት ፊት ተሸፍኖ፣ ግድግዳው ስቅለቱን፣ ቅዱሳኑን፣ ሲኦልን ሳይቀር እየተረከ። መጽሐፍ ያልከፈተ ሰው ቀና ብሎ ታሪኩን ይከተላል። እኛ ዛሬ በሞንታርቦ እያስጮኽን ሥዕሉን ረስተነዋል።

ጩኸቱ ግን ከቃል ብቻ አይመጣም፤ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ካለማወቅም ይመጣል። እስቲ አስቡት፤ በማታውቁት ከተማ ታክሲ ተሳፍራችኋል። መስኮቱ በጨርቅ ተሸፍኗል፣ ረዳቱ አንድም ቦታ አይጠራም፣ ሰው ሁሉ በማታውቁት ቋንቋ ያወራል። ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ አታውቁም፤ "ወራጅ አለ" የምትሉትም መቼ እንደሆነ አይገባችሁም። እኔ በበኩሌ በሩን እደበድብ ነበር! ለዚያ ልጅ ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ቅዳሴ ይኸው ነው። የሚያስፈልገው "ዝም በል" የሚለው ሰው አይደለም። ፌርማታውን የሚጠራለት ረዳት ነው።

ረዳቱስ ከየት ይመጣል? ከወረቀት! በአሜሪካ በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ኤሪክ ሾፕለር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ከባልደረቦቹ ጋር በ1972 እ.ኤ.አ. ቲች የተባለ ፕሮግራም አቋቁሞ ነበር፤ ኦቲዝም ላለባቸው ሰዎች ቀኑን በሥዕል ተራ መደርደርን ካስለመዱት ቀዳሚዎች አንዱ ይህ ነው። አሠራሩ ቀላል ስለሆነ ሳቄ መጣ። የሚሆነውን ነገር በየተራው በሥዕል ታሳያለህ፤ አንዱ ሲያልቅ ካርዱን ትገለብጣለህ፤ ቀጣዩን በጣትህ ታመለክታለህ። ሌላ ምንም የለውም።

ለእኛ ደብር ሳስበው እንዲህ ይመጣልኛል። የደጁ ፎቶ። ጫማ የሚወለቅበት ቦታ ፎቶ። የምንቆምበት ጥግ። የእጣን ማጠኛው። ወንጌሉ። ስግደት፤ እዚህ ላይ ራሱ ልጁ ሲሰግድ ቤት ውስጥ የተነሣ ፎቶ ቢሆን እንዴት ያምራል! ቁርባን። ጸበል። ስብከት። ፎቶዎቹ የገዛ ደብሩ ይሁኑ፤ ከሌላ ቦታ የተገኘ ሥዕል "ይህ የት ነው?" የሚል ሌላ ጭንቀት ያመጣል። በርግጥ የት ፎቶ ማንሣት እንደሚፈቀድ አስተዳዳሪውን ሳይጠይቁ ካሜራ ማውጣት የለም። መዳፍ የምታህል አድርጎ አሳትሞ በፕላስቲክ ማስለበጥ፣ በቀለበት ማያያዝ፣ አለቀ። ረጅም ተራ የሚያስደነግጠው ሰው ከሆነ ሁለት ካርድ ብቻ ይበቃዋል፤ "አሁን" እና "ቀጥሎ"።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ቀን፣ ሰው በሌለበት፣ ልጁን ይዞ ግቢውን መዞር። ደጁን ያያል፣ ጫማውን ያወልቃል፣ የሚቆምበትን ቦታ ይመርጣል። እሑድ ሲመጣ ቦታው አዲስ አይሆንበትም፤ ሕዝቡ ብቻ ነው አዲስ የሚሆነው። ከሁለት አዲስ ነገር አንዱን ቀነስንለት ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ፈረንሳይ ልውሰዳችሁ፤ ይህን ታሪክ ካነበብኩ ወዲህ ለማን ልንገር እያልኩ ነበር። ሉርድ የካቶሊኮች ትልቅ የንግሥ ቦታ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ከባድ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሁለት ወንዶች ልጆች የነበሯቸው ባልና ሚስት ከሀገረ ስብከታቸው ምእመናን ጋር ለመሳለም ሲጠይቁ አይሆንም ተባሉ። ልጆቹ ምንም አይገባቸውም፣ ሌላውንም ይረብሻሉ ተባለ። ብቻቸውን ሄዱ። ያረፉበት ሆቴልም ምግባቸውን ክፍላቸው ውስጥ እንዲበሉ አደረገ፤ ሌላው እንግዳ እንዳያያቸው። ማሪ ኤሌን ማትዮ የተባለች ሴት ይህን ሰምታ ዝም አላለችም። ዣን ቫንዬ ከተባለ ሰው ጋር ሆና አንድ ትልቅ ጉዞ አሰናዳች። (ቫንዬ ከሞተ በኋላ ሴቶችን ይበድል እንደነበር የራሱ ድርጅት አስመርምሮ በ2020 ይፋ አድርጓል፤ ስሙን ስጠራ ይህንን መዝለል አልፈልግም።) በ1971 የፋሲካ ሰሞን ከ15 አገሮች 12,000 ሰው ሉርድ ገባ፤ 4,000 ያህሉ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ነበሩ። አራት ሺህ!

ቁጥሩ አስደነቀኝ፣ ይበልጥ ያስደነቀኝ ግን ዝግጅቱ ነው። አራት ሺህ ሰው በአንድ ቀን አልተሰበሰበም። አስቀድመው በየሰፈሩ በትናንሽ ቡድን ተዋወቁ፤ ልጆቹ፣ ወላጆች፣ ወጣት ጓደኞች አብረው በሉ፣ ዘመሩ፣ ጸለዩ። ሉርድ ሲደርሱ እያንዳንዱ ከሚያውቀው ሰው ጎን ነበር። እማማን አስታወሳችኋቸው? ከፊት ቆመው ጎንበስ የሚሉትን? ለካ ከካርዱ ሁሉ በላይ ትልቁ ካርድ የሚታወቅ ሰው ነው! እነዚያ ቡድኖች ከጉዞው በኋላ አልተበተኑም፤ "እምነትና ብርሃን" በሚል ስም ዛሬ ከ80 በላይ አገሮች ውስጥ አሉ።

"ምንም አይገባቸውም" ያለውን ሰው ግን ልተወው አልቻልኩም። መግባት ማለት ምንድን ነው? በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ልጆች የመጀመሪያ ቁርባናቸውን የሚቀበሉት ነገሩን መለየት ሲጀምሩ፣ 7 ዓመት አካባቢ ነው፤ ይህን በ1910 የወሰኑት ፖፕ ፒየስ 10ኛ ናቸው። ታዲያ የ7 ዓመት ልጅ የሚያውቀውን በቃል መናገር የማይችል ሰውስ? የአሜሪካ ካቶሊክ ጳጳሳት በ1995 ባወጡት መመሪያ የመለሱት መልስ እኔን ከወንበሬ አስነሥቶኛል። ሰውየው ቅዱስ ቁርባኑን ከተራ ምግብ መለየቱ በቂ ነው፤ ይህንንም በቃል ሳይሆን በአኳኋኑ፣ በምልክት ወይም በአክብሮት ዝም በማለቱ ቢያሳይ ይበቃል። ዝምታው መልስ ሆኖ ተቆጠረለት!

አሁን ወደ ራሳችን ተመለሱና ተገረሙ። እኛ ዘንድ ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ተጠምቀው ያኔውኑ ይቆርባሉ። ማንም ያንን ሕፃን "ገብቶሃል ወይ?" ብሎ ጠይቆት አያውቅም። ሌሎች በስንት ክርክር የከፈቱት በር እኛ ጋ ከጥንት ጀምሮ ክፍት ነበር ማለት ነው። ታዲያ ያ ሕፃን አድጎ መናገር ቢያቅተው፣ ደጃፉ ላይ የሚያቆመው ምንድን ነው? ሥርዓቱ ነው ወይስ የእኛ ዓይን? ዝርዝሩን እያንዳንዱ ቤተሰብ ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገር፤ ጾሙን፣ ሰዓቱን፣ እንዴት እንደሚቀርብ። የዓይናችንን ጉዳይ ግን እኛው ልንነጋገርበት እንችላለን።

ጴንጤ ጓደኞቼ እዚህ ጋ "እኛ ጋ እኮ ቅዳሴ የለም፣ ሁሉም ስብከት ነው" ብለውኛል። እውነት ነው፤ የእነሱ ሥራ ሌላ ነው። እጣንና ቃጭል የሌለበት አምልኮ ሸክሙ ሁሉ ቃል ላይ ይወድቃል። ግን መፍትሔው ደስ ይላል። ኢንክሉዥን ዩሮፕ የተባለ የአውሮፓ ማኅበር በ2009 በቀላሉ የሚነበብ ጽሑፍ እንዴት እንደሚዘጋጅ መመሪያ አውጥቷል። ዋናው ነገር አንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ሐሳብ ብቻ ይያዝ፣ ቃሉ ከዕለት ንግግር ይሁን፣ ከመውጣቱ በፊትም ውስንነቱ ያለባቸው ሰዎች ራሳቸው አንብበው "ይህ አልገባንም" ይበሉ ነው። እስቲ በደጉ ሳምራዊ እንሞክረው። "ርኅራኄው የወገንና የሃይማኖት ድንበር ተሻግሮ" ከማለት እንዲህ ብትሉስ፦ አንድ ሰው መንገድ ላይ ተደበደበ። ሁለት ሰዎች አዩት። ጥለውት ሄዱ። ሦስተኛው ቆመ። ቁስሉን አሰረለት። እኛም እንቆማለን። ከዚያ ፋሻ አውጥታችሁ ለየሰዉ ቁራጭ ስጡና እያንዳንዱ አጠገቡ ያለውን ሰው እጅ ይሰር። የእጁ ፋሻ ከአእምሮው የሚጠፋ ይመስላችኋል? ደግሞ አያቶችም፣ ሕፃናትም፣ ሌሊት ሥራ አድሮ ዓይኑ የሚከደን ወጣትም ይዘውት ይሄዳሉ።

እጅ ካነሣን አይቀር፣ በእንግሊዝ ማርጋሬት ዎከር የተባለች የንግግር ሕክምና ባለሙያ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ማካተን የሚባል ዘዴ ከባልደረቦቿ ጋር አዘጋጅታለች። እየተናገርክ ዋና ዋናዎቹን ቃላት ብቻ በእጅህ ምልክት ታደርጋለህ። ንግግሩን አይተካም፣ ያግዘዋል። አባታችን ሆይን በማካተን የሚጸልዩ አሉ። ይህን ሳነብ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ሽብሸባ ፊቴ መጣ። መዝሙሩ ላይ ስለ ሰማይ ስንዘምር እጃችን ወደ ላይ፣ ስለ ልብ ስንዘምር እጃችን ደረት ላይ አይደለም እንዴ? ግማሹን ሳናውቀው እየሠራነው ነው!

ድምፅን ባጭሩ ልበል፤ ሞንታርቦው ይቀነስ። ኦቲዝም ላለበት ሰው ለእኛ "ሞቅ ያለ" የሚመስለን ድምፅ ጆሮን ሊያም ይችላል። ካልተቀነሰ ቤተሰቡ ከስፒከሩ ርቆ፣ በር አጠገብ፣ ነገር ግን መቅደሱ በሚታይበት ቦታ ይቁም። ጆሮ የሚሸፍን ማዳመጫ ያደረገን ልጅ "ምን እያዳመጥክ ነው?" ብላችሁ አትቆጡት፤ ምንም እያዳመጠ አይደለም።

አንድ ነገር ግን እስካሁን ያስጨንቀኛል፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልናገረው። እስካሁን ያወራሁት ሁሉ እኛ ለእነሱ ስለምናደርገው ነው። ኤሪክ ካርተር የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ሰው የአንድ ጉባኤ አባል እንደሆነ የሚሰማው መቼ ነው ብሎ ከዘረዘራቸው አሥር ነገሮች አንዱ "መፈለግ" ነው፤ ሲቀር "የት ሄደ?" የሚባል ሰው መሆን። ሰውየው መጥቶ፣ ካርዱን እያየ፣ ጸጥ ብሎ ቆሞ ቢሄድ ገብቷል እንጂ ገና አልተፈለገም። ሥራ ስጡት! ጧፍ ያድል። ምንጣፍ ይዘርጋ። የተወለቁትን ጫማዎች ያሰልፍ። የመዝሙር ወረቀት ይበትን። ፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ከሆነ ከመስተንግዶዎቹ ጋር በር ላይ ቆሞ ይጨብጥ። ሥራው በየሳምንቱ ያው ሲሆንና መጀመሪያና መጨረሻ ሲኖረው እነዚህ ሰዎች ብዙ ጊዜ ከእኛ ይበልጥ ያከብሩታል፤ እኛ "ዛሬስ ይቅር" የምንለውን እነሱ አይሉም።

ሠላሳ ዓመት የሞላውንም ሰው ከሕፃናት ክፍል አታስገቡት፣ "ማሙሽ" አትበሉት። ታናናሾቹ "ጋሼ" ይበሉት። ጸበል ለሚያምንበት መብቱ ነው፣ ነገር ግን ሰውየው በመጣ ቁጥር ሊፈወስ የመጣ በሽተኛ ተደርጎ ብቻ ከተያዘ መቼ ነው ዝም ብሎ የሚያስቀድሰው? እናቲቱስ? ከእኛ አንዳችን ከልጇ ጎን ካርዱን ይዘን ብንቆም እሷ ስንት ዓመት ሙሉ ያላገኘቻትን አንዲት ሰዓት ዓይኗን ጨፍና ትጸልይ ነበር።

ወላጆች እዚህ አገር ብዙ መንገድ ጠርገዋል። ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ስትከፍት እሷም ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ነበረች። ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ ካርዱን ከመቁረጣችን በፊት እነሱን እንጠይቅ።

ካርዶቹን ማሰናዳት ስጀምር ያስቸገረኝ አንድ ካርድ አለ፤ "መጠበቅ"። መጠበቅ እንዴት ፎቶ ይነሣል? ረጅሙን ጸሎት ምን አድርጌ ላሳየው? መልሱ ከወላጆች መጣ፦ መጠበቅን አትሣለው፣ ቁረጠው። አንዱን ረጅም ክፍል ለአራት ትናንሽ ካርድ ከፍለህ በመካከሉ የሚሠራ ነገር ታስገባለህ፤ ጧፍ መያዝ፣ መስገድ፣ ሥዕል መሳለም። የመጨረሻው ካርድ ደግሞ ቤተሰቡ እንዲሞላው ባዶ ይሆናል፤ ምክንያቱም ከቅዳሴ በኋላ የሚጠበቀውን የሚያውቀው ቤተሰቡ ነው። ለአንዱ ዳቦና ሻይ ነው፣ ለሌላው አያቱ ቤት መሄድ። ከሌሊት ጀምሮ ጾሞ የቆመ ሰው መጨረሻውን ማየት አለበት!

አስተዳዳሪውን አነጋግሬ ግቢውን ፎቶ ማንሣት ተፈቅዶልኛል። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ሰው ሳይበዛ። ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ የማስለበጫውን ዋጋ እኔ እችላለሁ።